የምስክር ወረቀቱ ምን አይቶ መሰከረ?

ከጅቡቲ እስከ ሞምባሳ፣ ከዛንዚባር እስከ ማፊያ ደሴት በተዘረጋው የባሕር ዳርቻችን፣ በስኩባ የመጥለቅ ትምህርት ዛሬ የቱሪስት ብቻ አይደለም። በነዚህ ከተሞች የሚኖሩ የኛ ልጆች፣ ቤተሰብ ያላቸው ሠራተኞች፣ ለዕረፍት ብቅ የሚሉ ዘመዶቻችን ጭምር የአየር ሲሊንደር አዝለው ወደ ውሃ ይወርዳሉ። ይህ በራሱ የሚያስደስት ነገር ነው፤ አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች በመሆናችን ባሕርን ለረጅም ዘመን በካርታ ላይ ብቻ ስናየው ኖረናልና። የሚያስደስተው ነገር ግን አንድ ክፉ ልማድ ይዞ መጥቷል። የመጀመሪያውን የምስክር ወረቀት በሐሙስ የተቀበለ ሰው በአርብ ለሁለተኛው ይመዘገባል፤ ወሩ ሳያልቅም ሦስተኛው ኪሱ ይገባል። ካርዶቹ ይደረደራሉ፤ ልምዱ ግን ባለበት ይቆማል።

ይህ ጽሑፍ በዚያ ልማድ ላይ የተነሣ ነው። የምለው አጭርና ግልጽ ነው። የመጀመሪያውን ፈቃድ የያዘ ሰው ወደ ቀጣዩ ከመሮጡ በፊት በያዘው ፈቃድ ልክ፣ በዝግታ፣ ደጋግሞ ሊጠልቅ ይገባዋል። ይህን የማይመክር አሠልጣኝ ወረቀት ሸጠ እንጂ አስተማረ አይባልም።

በቅድሚያ ቁጥሮቹን እንመልከት። በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው የአሠልጣኞች ድርጅት፣ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የተመሠረተው ፓዲ፣ የመጀመሪያውን «ኦፕን ዋተር» የተባለ ፈቃድ የሚሰጠው ተማሪው በክፍልና በገንዳ ከተማረ በኋላ አራት ጊዜ በባሕር ሲጠልቅ ነው፤ የሚፈቀድለትም እስከ 18 ሜትር ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «አድቫንስድ ኦፕን ዋተር» አምስት ጊዜ መጥለቅን ይጠይቃል፤ አንዱ በጥልቅ ውሃ፣ አንዱ በኮምፓስ አቅጣጫ በመፈለግ፣ ሦስቱ ተማሪው በሚመርጣቸው ዓይነቶች። ይህንም የፈጸመ እስከ 30 ሜትር እንዲወርድ ይፈቀድለታል። በሁለቱ መካከል ግን አንድም ተጨማሪ ቀን በባሕር ማሳለፍ ግዴታ አይደለም። አራትና አምስት ዘጠኝ ነው። እንግዲህ በሕይወቱ ዘጠኝ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው፣ ሥራው ሁሉ በአንድ ሳምንት አልቆ፣ «የላቀ ጠላቂ» ተብሎ ወደ ጀልባው ይወጣል ማለት ነው።

እኔ የምተዳደረው ከቋንቋ ወደ ቋንቋ በመተርጐም ስለሆነ ነገሩ በመጀመሪያ የታየኝ በቃሉ በኩል ነው። የእንግሊዝኛው ስያሜ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል «የላቀ፣ የበቃ» ማለት ሲሆን፣ በሌላ በኩል ወደ ፊት መራመድን ያሳስባል። ድርጅቱ ራሱ ሲጠየቅ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ ሥልጠናውን ለመውሰድ አስቀድሞ የላቁ መሆን አያስፈልግም ይላል። በአማርኛ ስናወራው ግን «ከፍተኛ» እንለዋለን፤ «ከፍተኛ» ደግሞ በኛ ጆሮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ከፍተኛ ትምህርት፣ ከፍተኛ ባለሥልጣን ነው። ለቃሉ ታማኝ የሚሆነው ትርጉም «ሁለተኛ ደረጃ መግቢያ» ወይም «ቀጣይ ሥልጠና» ቢባል ነበር። እንዲህ ቢባል ግን ማን በፎቶግራፍ አስደግፎ ለወዳጆቹ ያሳየዋል? ስሙ ራሱ ከሸቀጡ ጋር አብሮ ይሸጣል።

«የምስክር ወረቀት» የሚለው የራሳችን አነጋገር ደግሞ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ ይፈርዳል። ምስክር ያየውን የሚናገር ነው፤ ያላየውን የሚናገር በማንኛውም ሸንጎ ሐሰተኛ ይባላል። ያ ወረቀት ያየው አምስት መጥለቅን ብቻ ነው፤ ሁሉም አሠልጣኝ በአጠገብ ሆኖ፣ በተመረጠ ቀን፣ በተመረጠ ቦታ። ጨለማ ውሃ ውስጥ ጓደኛው የጠፋበትን ሰው አላየም፤ የፍሰት ውሃ ከጀልባው ያራቀውን አላየም፤ መነጽሩ በ25 ሜትር ላይ ውሃ የሞላበትን አላየም። ያየውን ብቻ እንዲናገር ብንተወው ወረቀቱ አይዋሽም። የሚዋሸው ካየው በላይ እንዲናገር የሚያደርገው ባለቤቱ ነው።

አንዳንዱ «ይህ የቃላት ጨዋታ ነው፤ ባሕር ቃል አይሰማም» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ስለዚህ ወደ ሒሳቡ እንግባ።

በባሕር ወለል ላይ ያለው የአየር ግፊት አንድ ቢባል፣ በየ10 ሜትሩ አንድ ይጨመራል፤ በ10 ሜትር ሁለት፣ በ30 ሜትር አራት ይሆናል። ጠላቂው በየትንፋሹ የሚስበው አየርም በዚያው ልክ ይጠቀጠቃል። 12 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር አለው እንበል። 50 ባር ለመጠባበቂያ ቢቀር 1,800 ሊትር ለሥራ ይተርፋል። በወለል ላይ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ የተረጋጋ ሰው በ10 ሜትር ላይ 40 ሊትር ይጠቀማል፤ 45 ደቂቃ ይቆያል። በ30 ሜትር ላይ ግን 80 ሊትር ስለሚስብ ጊዜው ወደ 22 ደቂቃ ይወርዳል። አሁን ያው ሰው ይደንግጥ። የደነገጠ ጀማሪ ትንፋሹ በእጥፍ ቢጨምር የሚያስገርም አይደለም። በ30 ሜትር ላይ በደቂቃ 160 ሊትር ይስባል፤ ያለው ጊዜ 11 ደቂቃ ብቻ ይሆናል። በደቂቃ 9 ሜትር እየወጣ፣ በ5 ሜትር ላይ ለጥንቃቄ ሦስት ደቂቃ ቆሞ ወደ ወለል ለመድረስ ብቻ ከስድስት ደቂቃ በላይ ያስፈልገዋል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው ወረቀቱ አይደለም። ትንፋሹን የሚያረጋጋው ልምድ ብቻ ነው፤ ልምድም የሚገኘው ስሕተት ይቅር በሚባልበት በ10 እና በ12 ሜትር ላይ በተደጋጋሚ በመጥለቅ ነው።

በዚህ ላይ የናይትሮጂን ስካር አለ። ወደ 30 ሜትር ሲቀርቡ በግፊት የሚተነፈሰው ናይትሮጂን አእምሮን ማደንዘዝ ይጀምራል፤ አንዱን ያስፈነድቃል፣ ሌላውን ያስጨንቃል፣ ሁሉንም ያዘገያል። ክፋቱ የሰከረው ሰው መስከሩን አለማወቁ ነው። አበው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ወንዝ የሚሻገር ሰው አይተው ቢሆንም፣ ለዚህ የተባለ ይመስላል። ራሱን በጤናማ ሁኔታ በውሃ ውስጥ ገና ያላወቀ ሰው በምን መለኪያ መለወጡን ይወቅ?

ሦስተኛው ነገር የትኩረት ጉዳይ ነው። ጀማሪ ጠላቂ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ያስባል። ትንፋሼ፣ ጆሮዬ፣ መነጽሬ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቴ፣ የአየር መለኪያዬ፣ ጓደኛዬ የት አለ ይላል። አእምሮው በነዚህ ሞልቷል። በዚያ ላይ ኮምፓስ ይሰጡትና «አሁን አቅጣጫ ተማር» ይሉታል። ኮምፓሱን ሲያይ ጥልቀቱን ይረሳል፤ ጥልቀቱን ሲያይ ጓደኛውን ይረሳል። እንዲህ ያለ ሰው ሥልጠናውን ጨርሶ ወረቀት ይቀበላል እንጂ አይማርም። መሪና ማርሽ ገና በሐሳብ የሚለዋውጥ ሾፌር በዝናብ ሌሊት ከደብረ ሲና ዳገት ቁልቁል እንዲነዳ አይላክም። ሃያ ጊዜ ጠልቆ፣ እጁ ሳያስብ መነጽሩን የሚያጸዳ፣ ሳይሰምጥና ሳይንሳፈፍ በአንድ ቦታ ጸንቶ የሚቆም ሰው ግን ለተመሳሳይ ሥልጠና ተመሳሳይ ገንዘብ ከፍሎ እጥፍ ይማራል። ስለዚህ መቆየቱ ለሕይወት ብቻ ሳይሆን ለኪስም ይጠቅማል።

የኛ ባሕር ደግሞ ገር ነው ማለት አይቻልም። በጅቡቲ፣ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ዙሪያ ለጀማሪ የሚመች ውሃ አለ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት በአርታ የባሕር ዳርቻ በኩል የሚታየው የዓሣ ነባሪ ሻርክም ብዙ ጥልቀት አይጠይቅም። ነገር ግን ወደ ጉቤት ባሕረ ሰላጤ መግቢያ፣ ወይም በባብ አል-መንደብ ወዳሉት ሰባቱ ወንድማማቾች ደሴቶች ሲኬድ የውሃው ፍሰት የሰውን ጉልበት አይጠይቅም፤ ይዞ ይሄዳል። በታንዛኒያ የፔምባ ደሴት ገደሎች ውበታቸውም ፍሰታቸውም የታወቀ ነው። በኬንያና በታንዛኒያ ዳርቻ ስዋሂሊዎች «ካስካዚ» እና «ኩሲ» የሚሏቸው የሁለቱ ወቅቶች ነፋሳት ባሕሩን በየተራ ያረጉታል፣ ያናውጡታልም፤ በአንዱ ወቅት የጠለቀ ሰው የሌላውን አያውቅም። በፖርት ሱዳን አጠገብ ደግሞ «ኡምብሪያ» የተባለችው የኢጣሊያ መርከብ አለች፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1940፣ ኢጣሊያ ወደ ጦርነቱ ስትገባ፣ ወደ ኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ ትወስደው የነበረውን የቦምብ ጭነት እንደያዘች የራሷ መርከበኞች አሰጠሟት። እንዲህ ያለ የመርከብ ስብርባሪ ውስጥ ገብቶ መውጣት ለዘጠኝ ጊዜ ጠላቂ የሚሰጥ ሥራ አይደለም። ከኛ ወጣ ስንል፣ በግብጽ ዳሃብ የሚገኘው ሰማያዊ ጉድጓድ አለ። ከ50 ሜትር በታች ባለው ቅስት በኩል ለማለፍ ሞክረው የሞቱ ሰዎች መታሰቢያ ሰሌዳዎች በዳርቻው ድንጋይ ላይ ተለጥፈው ይታያሉ። ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው ወሰኑ 40 ሜትር መሆኑን ከሟቾቹ የማያውቀው እምብዛም ነበር ብሎ ማሰብ ይቸግራል።

ለኛ ለደገኞች ብቻ የሚሆን አንድ ተጨማሪ ነገርም አለ፤ ለአውሮፓ የባሕር ዳር ነዋሪ የተዘጋጁ የሥልጠና መጻሕፍት አጽንኦት አይሰጡትም። በውሃ ውስጥ በሰውነት የተከማቸው ናይትሮጂን ቀስ ብሎ ካልወጣ የግፊት መቀነስ ሕመም ያስከትላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ወደ አውሮፕላን ከመግባቱ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። ይህ ምክር የተሰላው በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ሊቀንስ ስለሚችል ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ከጅቡቲ በመኪና ወይም በባቡር ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ ጠላቂ «አልበረርኩም» ብሎ ራሱን ቢያጽናና ሰውነቱ አያምነውም፤ ወደ በረራ ከፍታ በመሬት ላይ እየወጣ ነውና። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጠልቆ ሰኞ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ ለመገኘት የሚጣደፍ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። በባሕር ዳርቻችን ለዚህ ሕመም የሚያገለግሉ የግፊት ክፍሎች ያሉባቸው ቦታዎች በጣም ጥቂት መሆናቸውም አይዘንጋ።

አሁን የተቃዋሚዎቹን ክርክር በቅንነት እናድምጥ፤ ባዶ አይደለምና።

የመጀመሪያው «ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ 30 ሜትር ሲወርድ ከጓደኛው ይልቅ ከአሠልጣኝ ጋር ቢሆን አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። በእርግጥ ይሻላል። እኔም ብቻህን ውረድ አላልኩም፤ ገና አትውረድ ነው ያልኩት። በ18 ሜትር የሚታየውን ውበት ጠግቦ የጨረሰ ጀማሪ የለም። ከቀይ ባሕርም ሆነ ከሕንድ ውቅያኖስ ዛጐል ድንጋይ አብዛኛው ሕይወትና ቀለም የሚገኘው ብርሃን በሚደርስበት በላይኛው ክፍል ነው። የፈረንሳዩ ዣክ-ኢቭ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 በሱዳን ሻዓብ ሩሚ ሰዎች ለአንድ ወር በውሃ ውስጥ እንዲኖሩ ያደረገበት ዋና ቤት የቆመው በ10 ሜትር አካባቢ ጥልቀት ላይ ነበር።

ሁለተኛው የገንዘብና የጊዜ ጉዳይ ነው። «በዓመት አንዴ ነው ባሕር የማየው፤ በአንድ ጉዞ ሁሉን ልጨርስ» የሚል ብዙ ነው። ይህ ክርክር ለኔ ሐሳብ ማስረጃ ይሆናል። በዓመት አንድ ጊዜ የሚጠልቅ ሰው በየዓመቱ ጀማሪ ሆኖ ይመለሳል፤ ከማንም ይልቅ ወረቀቱ ሊያታልለው የሚችለው እሱን ነው። ለሥልጠናው የሚከፍለውን ገንዘብ ከልምድ ካለው አስጎብኚ ጋር አምስት ጊዜ በቀላል ቦታ ለመጥለቅ ቢያውለው ይጠቅመዋል።

ሦስተኛውና እውነተኛ ችግር ያለበት ክርክር፣ «ጀልባዎቹ ያንን ካርድ ካላየን ወደ ጥሩው ቦታ አንወስድህም ይሉናል» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጥፋቱ የጠላቂው አይደለም፤ የባለ ጀልባዎቹ ነው። ካርድ መጠየቅ ቀላል ነው፤ የመጥለቂያ መዝገብ ገልጦ «መጨረሻ የጠለቅከው መቼ ነው? በምን ውሃ? ስንት አየር ተርፎህ ወጣህ?» ብሎ መጠየቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ደንበኛም ሊያስቀይም ይችላል። በዚህ የተነሣ ሁለት ጊዜ የሚጎዳው ቅን ሰው ነው። ስልሳ ጊዜ ጠልቆ አንድ ካርድ ብቻ የያዘው በጀልባው ጠርዝ ይቀራል፤ ዘጠኝ ጊዜ ጠልቆ ሁለት የያዘው ይወሰዳል። ሌላ መንገድ እንደሚቻል ግን ምሳሌ አለ፤ ኤስ.ኤስ.አይ. የተባለው ድርጅት ተመሳሳዩን «አድቫንስድ» ማዕረግ የሚሰጠው አራት ልዩ ሥልጠናዎችን ለጨረሰና 24 ጊዜ መጥለቁን በመዝገብ ላሳየ ሰው ነው። ቁጥሩ ተአምር ባይሆንም መቁጠሩ ራሱ ክብር ይገባዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ከዚህ በላይ ያለው ደረጃ ነው። «ሬስኪው» የሚባለው የነፍስ አድን ሥልጠና በፓዲ ዘንድ ቀደም ያሉትን ፈቃዶችና የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት ይጠይቃል እንጂ የተወሰነ የመጥለቅ ቁጥር አይጠይቅም። ራሱን በቅጡ ያልቻለ ሰው ሌላውን እንዲያድን ወረቀት ይቀበላል። የአስጎብኚነት ማዕረግ የሆነው «ዳይቭማስተር» ለመጀመር 40፣ ለመጨረስ 60 መጥለቅ ይበቃል። መምህር ለመሆን 100 ይበቃል። እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ቢፈጅ መቶው 75 ሰዓት ነው፤ ይህም ከሦስት ቀንና ሌሊት እምብዛም አይበልጥም። በቅኔ ቤት ስንት ዓመት ቆሎ ለምኖ የተማረ ሰው መምህር ከመባሉ በፊት ስንት ጉባኤ ቆሞ እንደሚሰማ ለምናውቅ ሕዝቦች ይህ ቁጥር ሊያስደነግጠን በተገባ ነበር። ቅኔ ቢሳሳት መምህሩ ያርማል፤ በ30 ሜትር የተሳሳተውን ማን ያርማል?

በባሕር ዳርቻው «ከዜሮ ተነሥቶ በጥቂት ወራት መምህር» የሚል ጥቅል ሥልጠና ሲሸጥ የሚጎዱት ደግሞ ሀብታሞቹ እንግዶች ብቻ አይደሉም። ሥራ ፈላጊ የሆኑ የአካባቢው ወጣቶች፣ ከነሱም መካከል የኛ ልጆች፣ ያንን ማዕረግ ይዘው ስምንት እንግዳ ወደ ውሃ እንዲያወርዱ ይታዘዛሉ። አንድ ነገር ቢደርስ በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው የነሱ ስም ነው። የሸጠው ሰው በዚያን ጊዜ ለሌላ ተማሪ ወረቀት እየሞላ ይሆናል። ዛጐል ድንጋዩም ዝም ብሎ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1998 በባሕሩ መሞቅ ምክንያት ከኬንያ እስከ ሲሸልስ ክፉኛ የነጣው ሪፍ ገና ሲያገግም፣ ተንሳፍፎ መቆም ያልቻለ «የላቀ ጠላቂ» በጫማው ክንፍ እየመታ ይሰብረዋል። አንዳንዱ የዛጐል ዓይነት በዓመት የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ከመጀመሪያው ፈቃድ በኋላ ቢያንስ ሃያ ጊዜ፣ ከ18 ሜትር ሳያልፉ፣ በተለያየ ቦታና በተለያየ ወቅት መጥለቅ። ሃያውን በአንድ ገንዳ መሳይ ቦታ መደጋገም ግን ሃያ አይባልም፤ አንድ ሃያ ጊዜ ነው። ከእያንዳንዱ በኋላ በመዝገቡ ላይ ጥልቀቱን፣ የቆዩበትን ጊዜ፣ የጨረሱትን አየር፣ ያስደነገጣቸውንም ነገር በእውነት መጻፍ። ወደ ቀጣዩ ለመሄድ ጊዜው መድረሱን የሚያሳዩትም ከካርድ ውጪ ያሉ ምልክቶች ናቸው። ገመድ ሳይዙ በ5 ሜትር ላይ ለሦስት ደቂቃ ጸንቶ መቆም፤ መነጽሩን አውልቆ መልሶ ማድረግ ትንፋሽን ሳያፋጥን፤ መለኪያውን ሳያዩ የቀረውን አየር በግምት መናገርና ከእውነቱ አለመራቅ፤ ከሁሉም በላይ፣ ሌሎቹ ሁሉ ሲወርዱ «ዛሬ አልወርድም» ብሎ በጀልባው ላይ ለመቅረት አለማፈር። ይህን የመጨረሻውን የሚያስተምር ካርድ እስካሁን አልታተመም።

ሥልጠና የሚሸጡትንም ልጠይቃቸው። ተማሪያችሁ ሁለተኛውን ለመመዝገብ በማግስቱ ሲመጣ «ሂድና ጠልቀህ ተመለስ» ብትሉት ገንዘቡን ታጣላችሁ ወይስ ታዘገዩታላችሁ? ያ ሰው ሃያ ጊዜ ሲጠልቅ ጀልባችሁን ይከራያል፤ አየራችሁን ይገዛል። ሳትቸኩሉ ብታስተምሩት ለብዙ ዓመታት ደንበኛችሁ ይሆናል፤ በሳምንት ብትጨርሱት ግን ከፈራ ወይም ከተጎዳ በኋላ ወደ ባሕር አይመለስም።

አንባቢም ወደ ማንኛውም የሥልጠና ቤት ሲገባ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ «ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሄድ ስንት ጊዜ እንድጠልቅ ትመክሩኛላችሁ?» ይበል። «ነገ መጀመር ትችላለህ» ካሉት አመስግኖ ይውጣ። ቁጥር ከነገሩትና ምክንያቱን ካስረዱት ይቀመጥ፤ መምህር አግኝቷል።